የፈዋሿ ሞት ይጽና ወይስ ይሻር?

ቅዳሜ ጠዋት፣ መጋቢት 12 ቀን

ለማትረታው ልጄ፣

ጤናሽን እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ያንቺን ደብተር ያህል አላሰቃየኝም። ሦስት ደብዳቤ ልኬ መልስ አላገኘሁም፤ ግድ የለም። በዚህኛው ግን ዝም ብትዪ አልምርሽም፤ ጥፋቱ ያንቺ ነዋ!

ከሄድሽ በኋላ ጓደኞችሽ ያን በእጅሽ የጻፍሽውን የጨዋታ ሕግ ደብተር ሊወስዱ መጡ። "ከዚህ ቤት አይወጣም" አልኳቸው። "እንግዲያው እዚሁ እንጫወታለን፤ ግን ዳኛችን እሷ ነበረች" አሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ሆኜ የኖርኩ ሰው፣ በወረቀት ላይ ለሚዋጉ ጀግኖች ዳኛ መሆን ያቅተኛል? ብዬ ገባሁበት። ወይ መግባት! ይኸው ስምንት ወር ሆነኝ፤ በየዓርቡ ከሰዓት በኋላ ሳሎኔ የጦር ሜዳ ነው።

ነርሷ ጓደኛሽ ፈዋሽ ሆና ትጫወታለች፤ ባሏ ኤሌክትሪሺያኑ ዘብ ነው፤ ልብስ ሰፊው ደግሞ ሌባ። ባለፈው ወር ዘቡ ድልድይ ላይ ተመትቶ ወደቀ። ቀጥሎ ፈዋሿ ዕጣ የሚወስነውን ባለ ነጥብ ዳይስ ብትወረውር አንድ ወጣባትና ሞተች። ነርሷ ወዲያው ገጽ ሠላሳ አራትን ገልጣ አነበበች፦ "ፈዋሽ ስትሞት የመጨረሻ እስትንፋሷን ለአንድ የወደቀ ጓደኛ መስጠት ትችላለች፤ እሱም በዚያው ቅጽበት ይነሳል።"

"ለዘቡ ሰጥቻለሁ" አለች። ዘቡ ተነሳ። እሰየው።

ባልየው ግን ደብተሩን ከእጇ ተቀብሎ ገጽ ዘጠኝን አወጣ፦ "ዘብ በእግሩ እስከቆመ ድረስ ከጓደኞቹ አንድም አይሞትም።"

"ቆሜያለሁ፤ ስለዚህ አልሞትሽም" አላት።

"ካልሞትኩ እኮ እስትንፋሴን አልሰጠሁም።"

"ካልሰጠሽ እኔ አልተነሳሁማ።"

"ካልተነሳህ እኔ ሞቻለሁ!"

"ከሞትሽ ደግሞ እሱ ተነሳ" አለና ልብስ ሰፊው ሳቀ። ማንም አላጀበውም።

ልጄ፣ ስንት የተጣላ አንቀጽ ሲታረቅ አይቻለሁ። ልዩው ሕግ ጠቅላላውን ይሽራል ብል፣ ሁለቱም ልዩ ሆነው ተገኙ። የኋላው የፊተኛውን ይሽራል ብል፣ ሁለቱንም በአንድ ቀን፣ በአንድ እስክሪብቶ ጽፈሻቸዋል! ሕግ አውጪዋ ምን አስባ ነበር ብዬ ኅዳጉን ብፈትሽ ያገኘሁት የድመት ሥዕል ነው። ድመት! ምን ብዬ ልፍረድበት?

ሦስት ዓርብ በዚሁ ንትርክ አለቀ። በሦስተኛው ኤሌክትሪሺያኑ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። "እሷ ሞታ እኔ የምቆምበት ጨዋታ ይቅርብኝ" አለ።

ነርሷ ቀና ብላ አየችው። "እዚያ ሆስፒታል ቀኑን ሙሉ ሰው አልጋ አጠገብ እቆማለሁ" አለችው። "ብዙ ጊዜ የምሰጠው የለኝም፤ እጄን ብቻ ነው። እዚህ አንዴ የምሰጠው አገኘሁ። መስጠቴን ለምን ትክድብኛለህ?"

ባሏ ቀስ ብሎ ወጣ። ተሳድቦ ቢሄድ ይሻለኝ ነበር።

ሳምንቱን በሙሉ ተብከነከንኩ። ባንቺ ተናደድኩ፣ በድመትሽ ተናደድኩ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በራሴ፤ ለሁለት አንቀጽ ብዬ የሰው ትዳር ላምስ? ዓርብ ሲደርስ ሁለቱንም ደውዬ ጠራሁና፣ እንደ ድሮው ቆሜ ውሳኔውን አነበብኩ።

"ነገር በተራው ይሄዳል እንጂ ወደ ኋላ አይሄድም። ፈዋሿ በሞተችበት ሰዓት ዘቡ ወድቆ ስለነበር ሊያድናት አልቻለም። አሁን ተነስቷል፤ የሚከለክለውም ከእንግዲህ የሚመጣውን ሞት ነው። ሞቷ ጸንቷል። ስጦታዋም ጸንቷል።"

ኤሌክትሪሺያኑ የዘቡን ወረቀት ወደ ራሱ ሳበ። "ታዲያ እኔ አሁን ምን ላድርግ?" አለኝ።

"ቁም" አልኩት።

ነርሷ ፊቷን በእጅጌዋ ጠራርጋ አዲስ ወረቀት ጠየቀችኝ። ጀልባ ቀዛፊ ሆና ልትጀምር ነው። ባሏ እርሳሷን ቀረጸላት። ተጫወትን።

እኔ ግን አሁንም ይከነክነኛል። ትክክል ፈርጄ ይሆን? ደብተሩ ያንቺ ነውና አጽድቂው ወይም ሻሪው። ተሳስተሃል ብትዪኝም ቅር አይለኝም፤ ብቻ ጻፊልኝ።

የሄድሽ ዕለት በዚህ ጨዋታም፣ ባንቺም ላይ የተናገርኩትን ታስታውሻለሽ። እኔም አልረሳሁትም። ዛሬ ዳኛ ሆኜ ሳየው ብዙ ጉድለት አለበት። ለጊዜው ወደዚያ አልገባም፤ ወረቀቱም እያለቀ ነው።

ሌላ ወሬ የለም። የውጭው በር ቁልፍ እየተጣበቀ ያስቸግራል። ኤሌክትሪሺያኑ በአዲስ እንለውጠው ቢለኝ እምቢ ብዬ ዘይት አፈሰስኩበት። አንቺ ጋ ያለው መክፈቻ አሁንም ይከፍተዋል።

በሄድሽበት ሁሉ ቀና ሰው ይግጠምሽ፤ እጅሽ የነካው ይለምልም፤ ከክፉ ይሰውርሽ።

አባትሽ