ስለሰበሩልን ክንድ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ አቶ ወልዴ፣
በካይሮ የሐዳይቅ አል-መዓዲ ሰፈር ሐበሾች እድር አዲሱ ሊቀ መንበር

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? በምርጫው ዕለት ግንባርዎን ጫር ያደረገችዎ ቁስል ድና እንደሆነ ለመስማት ጓጉተናል። እኛ፣ ከኑሀሚን ቀኝ ክንድ በቀር፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ለእርስዎ የጻፍኩትን በእድሩ አዳራሽ በር ላይ መለጠፌን ይቅር ይበሉኝ፤ ክንዷም የተሰበረው ሁሉም እያየ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምርጫው ሥርዓት እናመሰግናለን። ግብፆች ከአብዮታቸው ወዲህ ከመጋረጃ ጀርባ ሲመርጡ፣ እኛ ግን እንደ ልማዳችን ከተወዳዳሪው ኋላ ተሰልፈን እንድንቆጠር ማድረግዎ ትልቅ አስተዋይነት ነው። ማን ከማን ኋላ እንደቆመ ካልታየ፣ ማን እንደሚመታ በምን ይታወቃል?

ሁለተኛ፣ ኑሀሚን የወንዝዎ ልጅ ሆና ሳለ ከተቀናቃኝዎ ከኤፍሬም ኋላ ሄዳ ቆማለች። ምርጫ ማለት መምረጥ መስሏት ነውና አይፍረዱባት። ናስር ሲቲ ሰፈር የነበሩት አሠሪዎቿ ቆልፈውባት ሲደበድቧት መጀመሪያ የደወለችው ለእርስዎ ነበር፤ «ማሌሽ፣ ታገሺ» አሏት። ሄዶ በሩን አስከፍቶ ያወጣት ኤፍሬም ነው።

ሦስተኛ፣ በአብዮቱ ሰሞን ፖሊስ ከመንገድ ሲጠፋ ሰፈራችንን ከዘራፊ የጠበቃችሁበትን ዱላ እስከ ዛሬ በክብር ማቆየታችሁ ያስመሰግናል። ያኔ ከኤፍሬም ጋር አንድ እሳት ከባችሁ ስታድሩ አገሩን የጠየቀው አልነበረም። በምርጫው ዕለት ግን እርስዎ «ደሟን የካደች!» ብለው ጮኹ፣ ወንድምዎ ጥበቡም በዚያው ዱላ ክንዷን አደቀቀው። ወንበር ይወረወር ጀመር፤ ሽማግሌው ወልደ ሚካኤል ጥርሳቸውን ከወለል ለቀሙ። እርስዎ ቆጠራው እንዲቀጥል አዘዙ፤ የወደቀ አልቆመም ተብሎም የወደቀው ሁሉ ሳይቆጠር ቀረ። ለድልዎ እንኳን ደስ አለዎ።

አራተኛው ላይ ትሕትናዬ አለቀ። የሰው ልብስ አጥባ፣ የሰው ቤት ጠርጋ የምትኖር ሴት ክንድ ነው የሰበራችሁት። ሐኪሙ ከእንግዲህ እንደ ልብ አይታጠፍም ብሏል፤ የአሁኗ አሠሪዋም «ኸላስ፣ በቃ» ብላ አሰናብታታለች። ተቃጥያለሁ። የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በመጪው እሑድ ከአዳራሹ ፊት ቆመው የመታትን ሰው በስሙ ይጥሩት።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፣ የደጋፊዎችዎን ዱላ ያሳጥርልን።

ታዛዥዎና የገዛ ወንዝዎ ልጅ፣
የውብዳር

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት እርስዎ ለድልዎ ግብዣ ሀረም ሰፈር ሄደው ሳለ ዘራፊዎች የቤትዎን በር ሲሰብሩ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ ትብለጥ ከሰገነት ሆነው ተጣርተው ነበር። ፈጥኖ የደረሰላቸው ኤፍሬም ነው። ባዶ እጁን እንዳይሄድ ዱላ ያቀበለችው ኑሀሚን ናት፣ በግራ እጇ። ጥበቡ አዳራሹ ውስጥ ጥሎት የሄደው ያው ዱላ ነው። ወይዘሮዋ የማን ወገን እንደሆኑ ሁለቱም አልጠየቁም። ዱላው አሁን እኔ ዘንድ ስለሆነ መጥተው ይውሰዱት። ደሙን አላጠብነውም፤ የወገንዎ ደም ነው።