ታችኛው እርሻና የኤቨረት ቦቲ

ማርች 24
ዝናብ። ልብስ አጥቤ ቤት ውስጥ አሰጣሁ። ታችኛው እርሻ አሁንም ውሃ ተኝቶበታል፤ ዳክዬዎቹ እንደ ቤታቸው ይንሸራሸሩበታል።

ቁርስ ላይ ወንድሜ ኤቨረት ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ "ክላይድ መጥቶ ነበር" አለ።
"እና?"
"ታችኛውን እርሻ ይግዛው። ውሃ ሞልቶ ዳክዬ ያድንበት። ረግረግ ለረግረግ ሰው።"

አባባ ከሞተ ወዲህ ሦስት ዓመት አልተዘራበትም። እሱ እያለ እኮ በአውራጃው ምርጡ ቦሎቄ የሚወጣው ከዚያ ነበር! ግማሹ የእኔ ነው፤ ያለ ፊርማዬ አይሸጥም። ግን ሁልጊዜ እምቢ እያሉ መኖር ይቻላል? በመጨረሻ ተስማማን። እስከ ጁን 10 ከተዘራ ሽያጩ ይቀራል። ካልተዘራ እፈርማለሁ።

ማርች 27
በረዶ ጣለ። ደግሞ ቀለጠ።

ኤፕሪል 6
አካፋ ይዤ ወረድኩ። ዳር ዳሩን ቆፈርኩ... ጠጠር የለም። አንድም። ሽቅብ ያሉት ጎረቤቶቻችን በየጸደዩ ድንጋይ ሲለቅሙ ወገባቸው ይቆረጣል፤ እኛ ግን ላካፋ የሚንኳኳ ነገር አጥተን እንኖራለን። ድሮ የበረዶ ግግር ቀልጦ የተጠራቀመበት ሐይቅ ነበር እዚህ። ድንጋዩን ሌላ ቦታ ጥሎ፣ ለእኛ ያመጣው ዱቄቱን ብቻ ነው።

ላዩ ጥቁር ነው። አንድ ክንድ ሳይሞላ ግራጫ ይሆናል፣ የዝገት ነጠብጣብ ያለበት። አባባ፣ "ዝገት ካየሽ ውሃው እዚህ ይመጣል፣ ይሄዳል ማለት ነው። ዝገቱ ጠፍቶ ግራጫው ብቻ ከቀረ፣ እዚያ ውሃው ቤቱ ነው፤ አትረብሺው" ይል ነበር። ከሦስት ዓመት ወዲህ መሄዱን ትቶታል እንጂ!

ከታች አንድ ጉማጅ አውጥቼ በቢላ ከፈልኩት። ስስ ስስ ንጣፎች... አንዱ ፈዛዛ፣ አንዱ ጠቆር ያለ። የሐይቁ በጋና ክረምት። በመዳፌ ላይ ሃያ አንድ ዓመት ቆጠርኩ። ጭቃ ነው ብሎ ለዳክዬ መስጠት ነውር አይደለም?

ኤፕሪል 19
ሁለት ቀን ነፋስ ነፈሰ። ለላሞቹ ድርቆሽ ላወርድ ጎተራው ፎቅ ላይ ወጣሁ። በመስኮቱ ወደ ታች ሳይ... መስመር! እርሻው ላይ ነጣ ያለ መስመር ተዘርግቷል። አባባ ውሃውን ወደ ጅረቱ እንዲያወጡ የቀበራቸው የሸክላ ቱቦዎች ከስር ያሉበት ነው፤ ላያቸው ቀድሞ ደርቋል።

ዋናው መስመር ከጅረቱ ተነስቶ እስከ አኻያው ዛፍ ድረስ ነጥቷል። ከአኻያው በላይ ግን ጥቁር፣ እርጥብ። ወደ ዋናው የሚገቡት ዘጠኙ ቅርንጫፍ ቱቦዎች ሁሉ ያሉት ደግሞ ከዚያ በላይ ነው። ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ የተዘጋው አንድ ቦታ ብቻ ነበር?

ድርቆሹን ረስቼው ወረድኩ። ላሞቹ ጮኹብኝ።

ኤፕሪል 20
ለኤቨረት ነገርኩት። ወጥቶ አየ። ከዚያ አካፋ አነሳ።

"ዚግመንትን እንጥራ" አልኩት። ከአባባ ጋር ቱቦውን የቀበሩት እሳቸው ናቸው።
"ሰውዬው ሰማንያ ሊሞላቸው ነው። ጉድጓድ ከገቡ ማን ሊያወጣቸው?"
"አንተንስ?"
"የተዘጋው አኻያው ስር ነው አላልሽም? እዚያው ይቆፈራል፣ አለቀ።"

ቆፈረ። ወገቡ ድረስ እስኪገባ ደህና ነበር። ከዚያ ግድግዳው... ተናደ ማለት አይቻልም፣ ፈሰሰ። ጠንካራ መስሎ ቆሞ የነበረው ግራጫ አፈር ውሃ ሲያገኝ እንደ ገንፎ ዘጭ አለ። ኤቨረት እስከ ጭኑ ተያዘ። እግሩን ሊያወጣ በታገለ ቁጥር ይበልጥ ይሰምጣል። ሌላው ግድግዳም መሰንጠቅ ጀምሯል።

የጎተራውን አሮጌ በር ጎትቼ ከጎኑ አነጠፍኩ። በብብቱ ገመድ አስሬ ጫፉን ከትራክተሩ ጋር... ቀስ፣ ቀስ። ወጣ። ሁለቱም ቦቲዎቹ ውስጥ ቀሩ። ሱሪውም ለጥቂት ነው የተረፈው።

ሳር ላይ ተንጋሎ፣ "አትሳቂ" አለኝ።
እየሳቅኩ አልነበረም። እያለቀስኩ ነበር። በኋላ ግን ሳቅኩ።

ኤፕሪል 21
ኤቨረት በጨው የተቀቀለ ድንች ሦስት ሳህን በላ።

ኤፕሪል 23
ዚግመንት መጡ። ስልክ የደወለው ኤቨረት ራሱ ነው። ጉድጓዱን አይተው ባርኔጣቸውን ገፋ አደረጉ።

"ማነው ሆዱን የቀደደው?"
ኤቨረት ጫማውን አየ።
"ልጄ፣ ይሄን አፈር ከደረቁ በኩል ነው የሚቀርቡት። ከታች ጀምረህ ወደ ላይ። ውሃውን ወደ ኋላህ እያሳለፍከው ትሄዳለህ። አንተ ፊት ለፊት ገጠምከው... እሱ ደግሞ እንኳን አንተን ሐይቅ ችሏል።"

ከአኻያው ስምንት እርምጃ ወደ ጅረቱ ወርደው፣ ነጣ ካለው ላይ አስጀመሩት። ሁለት ክንድ በተቆፈረ ቁጥር ግራና ቀኝ ሳንቃ፣ መሃሉ ላይ ድጋፍ። የደህናውን ቱቦ አፍ ደለል እንዳይገባበት በጭድ ወተፉት፤ ውሃው ብቻ ያልፋል። ግድግዳው ቀጥ ብሎ ቆመ። ያው አፈር! ከሦስት ቀን በፊት ሰው ሊውጥ የነበረው!

ሜይ 2
ተገኘ። የአኻያው ሥር በቱቦው መጋጠሚያ ገብቶ፣ የፈረስ ጭራ የሚያህል ሆኖ ሞልቶታል። ደለሉ በላዩ ተጠቅጥቋል። ኤቨረት እጁን እስከ ትከሻው ከቶ ጎተተው። ከዚያ ድምፁ... መጀመሪያ ወፍራም ግራጫ፣ ቀጥሎ ጥርት ያለ ውሃ። ሦስታችንም ቆመን ሰማን።

አዲሱን ቱቦ ሲቀብሩ ዚግመንት መጋጠሚያውን ግራጫ አፈር አላስነኩትም። ጥቁሩን የላይ አፈርና ድርቆሽ አለበሱት። "ግራጫው ዱቄት ነው፤ በቀዳዳ ብቻ አይገባም፣ በሐሳብም ይገባል" አሉ። ምሳ ላይ ደግሞ፣ "እናንተ ልጆች ሀብታችሁን አታውቁም" አሉን። እኛ ልጆች! እኔ ሃምሳ ስምንት ነኝ።

አኻያውን ኤቨረት ቆረጠው።

ሜይ 18
ጎረቤት ሁሉ እያረሰ ነው። ታችኛውም ላዩ ነጣ ብሎ ደርቋል። ኤቨረት ትራክተሩን አስነሳ። ሮጬ ፊቱ ቆምኩ።

"ቬርና፣ ከፊቴ ዞር በይ!"
አንድ ጭብጥ ቆፍሬ ጨመቅኩ፣ አሳየሁት። ድቡልቡል ሆኖ ቀረ። በጣቴ ገፋሁት፤ አሻራዬን ያዘ እንጂ አልፈረሰም።
"ዛሬ ከገባህ ጡብ ነው የምታርሰው። እስከ ኦገስት አይለቅህም።"
"ጁን 10 ያልሽው አንቺ ነሽ!"
"አውቃለሁ።"

ሞተሩን አጠፋ። ተሳስቼ ከሆነስ? እርሻውን ራሴው ለክላይድ አስረከብኩት ማለት ነው።

ሜይ 20
ዝናብ። ጌታ ሆይ።

ሜይ 23
ውሃ አልተኛበትም። ዳክዬዎቹ ሄደዋል።

ጁን 3
ፈረሰ! ጨመቅኩት፣ ነካሁት፣ ተበተነ። ኤቨረት ከኋላዬ ሆኖ ሲያይ ነበር። ወደ ትራክተሩ ሄደ።

ማረሻው ሲያልፍበት እንዴት ያምራል... ጥቁር፣ ለስላሳ፣ አንድ ጓል የለው። በባዶ እግሬ ገባሁበት። በዚህ ዕድሜዬ!

ጁን 6
ተዘራ።

ጁን 15
ከባድ ዝናብ ወርዶ ላዩ እንደ ዳቦ ቅርፊት ደረቀ። ቦሎቄው ከስሩ አንገቱን አጉብጦ ቀርቷል። በጊዜ ካልተሰበረለት ታፍኖ ይሞታል። ልነግረው ስወጣ ኤቨረት ቀላሉን መከስከሻ ጎትቶ ቀድሞኝ እርሻው መሃል ነው። ማን አስተማረው? አልጠየቅኩም።

ሴፕቴምበር 14
ቦሎቄው ተነቅሎ ተከመረ። ነጭ፣ ሙሉ። ጠዋት ክላይድ መጣ፤ ኤቨረት በሩ ላይ አነጋገረው። "አይሸጥም" ሲል ሰማሁ። "ምነው፣ ተጣላን እንዴ?" አለ ክላይድ። "አይ፣ ቦሎቄ ውሰድ" ብሎ አንድ ከረጢት አሸከመው።

ከምሳ በኋላ ገመድ ይዞ ወረደ። ከጅረቱ እስከ መጨረሻው ቅርንጫፍ እየለካ ዋለ። ማታ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ወረቀት ዘርግቶ ሳለው... ዋናው መስመር፣ ዘጠኙ ቅርንጫፍ፣ የእያንዳንዱ ጥልቀት። "ከእኛ በኋላ የሚመጣው ሰው በጭፍን አይቆፍር" አለ።

ሊተኛ ሲሄድ ወረቀቱን አየሁት። ከታች፣ በዚያ በወፍራም ጽሑፉ፣ እንዲህ ብሏል፦ "መስመሩን ያየችው እህቴ ቬርና ናት። ከመሃል ቆፍሬ የተቀበርኩት እኔ ነኝ። እሷን ስሙ።"

አንድ ጣራ ስር ሃምሳ ስምንት ዓመት ኖረናል። አንድ ጊዜ እንኳ "ልክ ነሽ" ብሎኝ አያውቅም። አሁንም አላለኝም። ጽፎ ሄዶ ተኛ።