ኮረብታው ላይ የተሰቀለው ስልክ

ሎስት ፎርክ ሸለቆ
ኖቬምበር 9

ለምወድህ ልጄ ለዳርል፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? ያ የዳኮታ ነፋስ ከምትሠራበት ማማ ላይ እንዳይጥልህ እያልኩ ስሰጋ ነው የምውለው። እኛ ደህና ነን። ጽሑፌ ከተንጋደደብህ ብዕሩ ነው፤ ባንኩ በነፃ ያደለው ነው፣ ድሮም እርባና የለውም።

ሬቫን ከማስታመም ሥራዋ አባረሯት። አባትህ ጉሮሮው ላይ ያ ቱቦ ከገባለት ጀምሮ እንዴት እንዳስታመመችው ታውቃለህ። አክታው ትንፋሹን ሲዘጋበት ቀጭኗን መምጠጫ አስገብታ ሳያመው ታወጣለታለች።

ነገሩ የጀመረው በሙቀቱ ወራት ነው። የሬቫ አለቃ ፔልፍሪ መጥቶ በረንዳችን ላይ ተቀመጠና፣ «ለድሃ ሕክምና የሚከፍለው ሜዲኬድ ሕጉን ለውጧል» አለን። «ከእንግዲህ ተንከባካቢ ስትገባና ስትወጣ ስልኳን ትነካለች፤ ስልኩም የት እንዳለች ለመንግሥት ይናገራል። ካልተናገረ ክፍያ የለም።»

«ጌታዬ፣ ከዚህ ሸለቆ እንኳን ስልክ ጸሎትም የሚወጣው በግድ ነው» አለችው ሬቫ።

እሱም ሳቀ። «እኔ አውቃለሁ፤ እነሱ ግን አያውቁም» አለ።

ስለዚህ ሬቫ ጠዋትና ማታ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን በመኪና መውጣት ጀመረች። አንድ ቀን እሷ እዚያ ሳለች የአባትህ ቱቦ ተዘጋ። ስትመለስ ከንፈሩ ጠቁሮ አገኘችው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። እሱን ሌላ ጊዜ እናወራዋለን።

ይህን የሰማ ጎረቤታችን ሆበርት፣ የቤተ ክርስቲያኑን ደወል የሚደውለው፣ «ስልክሽን እዚያው ደወሉ ጋ ስቀይው» አላት። «ጠዋትም ማታም ስደውል እነካልሻለሁ። አንቺ ሰውዬውን ጠብቂ።» እዚህ አገር ጎረቤት ልርዳህ ሲል እምቢ አይባልም። ስልኩን በጨርቅ ከረጢት አድርጋ ሰቀለችው፤ ቤተ ክርስቲያኑ በካርታ ላይ ለቤታችን ቅርብ ነውና ከፋዩ መሥሪያ ቤትም ዝም አለ። እኛም ተገላገልን ብለን ተኛን።

እፎይታው ጎርፉ እስኪመጣ ነበር። ድልድዩን ጠራርጎ ወሰደው፤ ሬቫ ከወዲያ ማዶ ቤቷ ቀረች። ሆበርት ግን ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ነው? ዝናቡን ተከናንቦ ወጥቶ ደወሉን ደወለ፣ ስልኩንም ነካላት። ድልድይ በሌለበት ቀን ሬቫ ሥራ ገብታ ወጣች ተብሎ ለመንግሥት ደረሰ።

የመንግሥት ሰዎች «ማጭበርበር ነው» አሏት። ሆበርት የእሑድ ልብሱን ለብሶ፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ከተማ ወረደ። «የነካሁት እኔ ነኝ፤ ሁልጊዜም የምነካላት እኔ ነኝ» አላቸው። ሊያድናት ነበር የሄደው። እነሱም ይኸው አመነ ብለው ስልኩ ከተሰቀለ ወዲህ የሠራችውን ሁሉ አልሠራሽም አሏት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም አይደል? ሆበርት ከዚያ ቀን ጀምሮ ደወሉን አይደውልም። ቤቴ ሲመጣም ቀና ብሎ አያየኝም።

ፔልፍሪም የተከፈለኝን መልስ ተብያለሁ ብሎ ቢሮውን ዘግቶ ሄደ። ሌላ ድርጅት ወደዚህ ሸለቆ ሰው አልልክም አለ። ቱቦ ያለበትን ሰው የሚቀበል የሕሙማን ማረፊያም በዚህ ወገን የለም። ሬቫ ተደብቃ በነፃ ስትመጣልን ሰነበተች፤ ግን ልጆች አሏት፣ ምን ታብላቸው? ዛሬ ጠዋት ኦሃዮ ያለች እህቷ ጋ ሄደች፤ ዶሮ ማረጃ ሥራ አግኝታለች። እዚያ ስልክ ይሠራል አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን፣ ከዚያ አለቀስን።

ትናንት መምጠጫውን አስያዘችኝ። «እማማ ኦፓል፣ ትንፋሽዎን ያዝ ያድርጉ፣ እጅዎ ይረጋል» አለችኝ። ደግማ ደጋግማ አሳየችኝ። በመጨረሻ ክንዴን ለቀቀችና በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። ላንተ የጀመርኩትን ብርድ ልብስ ለእሷ ሰጠኋት፣ ሰፍታ ትጨርስልሃለች። እኔ ጊዜ የለኝም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አባትህ በዓይኑ ወደ በሩ አመለከተኝ። ሬቫ የት አለች ማለቱ ነው።

«ከእንግዲህ እኔ ነኝ፣ የኔ ጌታ» አልኩት።

እጄን አየው። ቆይቶ ዓይኑን ጨፈነ። ደክሞት ይሆናል።

አንተ እንዳትመጣ። ሥራህን ትተህ መጥተህ ምን ልትሆን? ምናልባት ለገና ከመጣህ ግን በአሮጌው የከሰል መንገድ ና፤ ድልድዩ አልተሠራም። ከገናም በፊት ከሆነ በዚያው ና።

ከክፉ ይሰውርህ። በምትወጣበት ማማ ሁሉ እግዚአብሔር እጅህን ያጽናልህ፣ የያዝከውን አያስለቅቅህ።

እናትህ ኦፓል

ፖስታው ላይ ያለውን አድራሻ የጻፈው ሆበርት ነው። ባለፈው የላክሁልህ ደብዳቤ ተመልሶ መጣ፤ ፖስተኛው አድራሻውን ማንበብ አልቻልኩም አለ። ብዕሩ ነው።