ከኋላዋ ባዶ የነበረች ቆርኪ

ይድረስ ለውድ ወንድም ጋሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ከትከሻዬ በላይ ሆኖ ይህን እያነበበ ነው፤ "ሰላም በይልኝ" ብሎሃል።

የስፌት መኪናዬን ዕቃ ቤት አስገብቶልኛል፤ ደንበኞች ያደክሙሻል ብሎ ነው። ጠዋት ወደ ጋራዡ ሲሄድም ማንም እንዳይረብሸኝ በሩን ከውጭ ይቆልፍልኛል። ያስብልኛል።

ከሥራ ሲመለስ ዳማ እንጫወታለን። ትናንት ቆርኪዎቼን አንድ በአንድ በልቶ ጨረሰኝ። ሻይ ላፈላ ልነሳ ስል እጄን ያዝ አደረገና፣ "የት ላይ እንደተሳሳትሽ ሳትነግሪኝ አትነሺም" አለኝ። ቆርኪዎቹንም እንደገና ደረደራቸው።

"ቸኩዬ ነው" አልኩት።

"አይደለም። ደግመሽ እዪው።"

ብዙ አየሁ። በመጨረሻ ተገለጠልኝ፤ አንዷን ቆርኪ ከኋላዋ ደጋፊ ሳይኖራት ብቻዋን ወደ ፊት ገፍቻት ኖሯል። እሷን ዘሎ በላት፣ ከዚያ በኋላ መላ አጣሁ። ይህንኑ ስነግረው፣ "አሁን ገባሽ" ብሎ ሳቀና እጄን ለቀቀኝ።

እውነቱን ነው፣ ገብቶኛል። አንተም ታውቀኛለህ፤ እኔ ነገር የሚገባኝ ከተሸነፍኩ በኋላ ነው።

ወንድም ጋሼ፣ ዳማ ትወድ የለ? ብቅ በልና ከባለቤቴ ጋር ተጫወቱ። ታዲያ ብቻህን እንዳትመጣ፤ ያን "ግንቡ" የምንለውን ታናሻችንንም ይዘኸው ና። ጨዋታ የሚደምቀው ሰው ሲበዛ ነው። ባለቤቴም፣ "ይምጡ፣ ማን ይከለክላቸዋል?" እያለ ነው። ፖስታውን የሚያሽገው እሱ ነው።

ለእማዬ ደህና ናት በልልኝ። ቀኑ ሳይርቅ ያገናኘን።

የምትናፍቅህ እህትህ