መተማ ላይ የጸደቀችው ዶቅማ

አያሌው፣ የኔ ጌታ፣

ከተለየኸኝ ክረምቱ ገብቶ ወጣ፤ ይኸው ሌላው ሊገባ ደመናው እየከበደ ነው። እኔ ደኅና ነኝ፣ ተመስገን። ጣሪያው ማፍሰሱን ትቷል። ወንድምህ ከፋሲካ በኋላ ከጎጃም መጥቶ ቆርቆሮውን ቀየረልኝ። እናትህ ግን በእሱ እጅ ሰላምታም አልላኩልኝም። ሰሊጥ ሊያርም የወረደ ልጄን ቆላ አስቀረችብኝ ብለው እንደተቀየሙኝ ነበሩ። ለቅሶው ላይ እንኳ ዓይናቸውን ከእኔ እንዳሸሹ ተለያየን። ይህ ነገር እንደ እሾህ ውስጤ ቀርቶ ነበር።

አሁን ትልቁን ወሬ ልንገርህ፤ ዶቅማህ አፈራች።

የመጀመሪያዋን ችግኝ ከአገርህ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለህ አምጥተህ፣ እንደ ደጋ ሰው ግቢው መሐል ፀሐይ ላይ ተከልካት። የመተማ ፀሐይ ሳምንት አላቆያትም። ጎረቤቱ ሁሉ ሳቀብህ፤ እኔም ስቄያለሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ። አንተ ግን እልኸኛ ነህ። ዶቅማ ጥላና እርጥበት ነው የምትወደው ብለህ ሁለተኛዋን ወንዝ ዳር ከዋርካው ሥር ተከልክ፣ በማሽላ አገዳም አጠርክላት። በጋ ወንዙ ሲደርቅ ከምንጠጣው ውኃ ትቀንስላት ነበር። እኔም ጣውንቴ እያልኩ እነጫነጭብህ ነበር። እንጨቷ ጠንካራ ነው ብለው ለመጥረቢያ እጀታ የለመኑህንም በቁጣ መለስካቸው። እንኳን መለስካቸው!

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ፍሬዋ ጠቁሮ ተንዠረገገ። ቀመስኩት፤ ከንፈሬ ሲጠቁር ሳቅሁ፣ ከዚያ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ወንድምህ ሊመለስ ሲል በቅርጫት ሞልቼ ለእናትህ አስያዝኩት። ይጥሉታል ብዬ ፈርቼ ነበር።

እናትህ በወንድምህ ስልክ ደወሉልኝ። አልወቀሱኝም። ልጄ ቆላ ወርዶ የተከለው ነው እያሉ ፍሬውን ለሰፈሩ ሁሉ ማቅመሳቸውን ብቻ አወሩኝ። ሊሰናበቱኝ ሲሉ ልጄ አሉኝ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ደስታ አላውቅም። ይህንንም ያደረግክልኝ አንተ ነህ፤ ሄደህም አልተውከኝም። እግዜር ይስጥህ፣ የኔ ጌታ።

ለሙት ዓመትህ እዚህ ይመጣሉ። አልጋችንን ለእሳቸው አነጥፋለሁ። ልጅነትህን እሳቸው ይነግሩኛል፣ እዚህ እንዴት እንደኖርክ ደግሞ እኔ እነግራቸዋለሁ። ሁለታችን እያለን አትረሳም።

ሚስትህ ጥሩወርቅ