ለልጆቹ የሚሆን መንጠቆ

ይድረስ ለሙላቱ ባለቤት፣ ለልጅ ልጆቼ እናት
ኮምቦልቻ

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ብርቱካኔን ራሴ አጠጣለሁ፣ ሸማዬን ራሴ አጥባለሁ፣ መርሳ ገበያ በእግሬ ወጥቼ በእግሬ እመለሳለሁ። በትር የምይዘው ለውሻ ነው እንጂ ለመመርኮዝ አይደለም፤ ሌላ የነገረሽ ሰው ካለ ዋሽቶሻል። ይህንንም የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። የጎረቤት ልጆች እኛ እንጻፍልዎት ብለውኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ በኩራዝ የለቀምኩት ፊደል ነውና ቢንጋደድ እንዳትስቂ። ብትስቂም ከዚህ አልሰማሽም።

እንዴት ከርመሻል ልጄ? የፋብሪካው ብናኝ ደረትሽን ይዞሽ ነበር ሲሉ ሰማሁ፣ ተወሽ ወይ? አማኑኤል እንዴት ነው? የሩትስ የፊት ጥርሷ በቀለ? እኔ ከናንተ ናፍቆት በቀር ደህና ነኝ፣ ፈጣሪ ይመስገን። ዝናቡ ዘንድሮ ደግ ነው። ግድቡ እስከ አፉ ሞልቷል።

በስልክ ሁለት ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። አንደኛው፣ ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹ እኔ ዘንድ እንደሚመጡ፣ ዓሣ ማጥመድ ካልተማርን ብለው እንዳስቸገሩሽ፣ ለጀማሪ ልጅ የሚሆን ዕቃ ፈልጌ እንዳቆይላቸው ነው። ሁለተኛው የሙላቱ ነገር ነው፤ የልጄ፣ የባልሽ። ፍትሐቱ ይደረግለት፣ ተዝካሩ ይውጣ፣ እኔም ባል አላት ወይ የላትም እየተባልኩ መኖር ደከመኝ ብለሽ አለቀስሽ። ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ባትሪ አልቆ አይደለም።

በሁለተኛው ነገር ላይ አቋሜን ታውቂዋለሽ። ሙላቱ በጅቡቲ በኩል ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ጀልባው ተገለበጠ አሉ። አሉ ነው። ሬሳ ያየ የለም። እኔ ደግሞ ልጄን አውቀዋለሁ፤ ገና አፍላ ሳይሆን ግድቡን ከዳር እስከ ዳር ዋኝቶ የሚመለስ ነበር። ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ውኃ ቤቱ ነው፣ ሰው በገዛ ቤቱ አይጠፋም እያልኩ ቄሱንም ከደጄ መለስኩ፣ ድንኳን እንትከል ብለው የመጡትን የቅሬያችንን፣ የዕድሩን ሽማግሌዎችም መለስኩ። ስለዚህ ወረቀት ያነሳሁት ስለ መንጠቆው ብቻ ልጽፍልሽ ብዬ ነበር።

መጀመሪያ ወልድያ ወጣሁ። ግርማይ የሚባል ገመድና ዶማ የሚሸጥ ነጋዴ አለ፣ የዓሣ ክርም ከሱ ዘንድ አይጠፋም። ለማን ነው አባባ አለኝ። ለልጅ ልጆቼ፣ አንዱ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፣ አንዷ ስድስት አልኩት። የሚታጠፍ የሚዘረጋ የቻይና ዘንግ አወጣና ዘረጋው፤ ከሱቁ በር አልፎ ባጃጅ ሊወጋ ምንም አልቀረው። ይህን ልጅ ነው የሚይዘው ወይስ የመብራት ምሰሶ ነው የሚሆነው አልኩት። ባጃጁን የሚነዳው ልጅ ደግሞ ግርማይ ዛሬ እኔን ነው ወይ የምታጠምደው አለው። ሱቁ ሁሉ ሳቀ። አባባ ሊገዙ ነው የመጡት ወይስ ሊሳደቡ አለኝ ግርማይ። ለሁለቱም፣ ስድቡ በነፃ ነው አልኩት።

እንግዲህ ስሚኝ፣ ለልጆቹም ንገሪያቸው። ለጀማሪ ልጅ ዘንግ ከቁመቱ እጅግ መብለጥ የለበትም፤ ከበለጠ ዛፍ ያጠምዳል። ክር የሚጠቀልል መዘውር ያለበትም አይሆንም፤ ክሩ ይተበተብና ልጁ ቀኑን ሙሉ ቋጠሮ ሲፈታ ይውላል፣ ዓሣ አጥማጅ መሆኑ ቀርቶ ሸማኔ ይሆናል። ክሩ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ታስሮ ቢንጠለጠል ይበቃል። ወፈር ያለው ይሻላል፣ ቀጭኑ የልጅ ጣት ይቆርጣል። ባለ ሦስት ጥርሱን መንጠቆ በእጄም አልነካሁት። ትንሹ፣ ባለ አንድ ጥርሱ፣ ቆሮሶ ለሚባለው ዓሣ የሚሆነው ነው የወሰድኩት። እሱንም ቢሆን ወደ ኋላ የሚይዘውን እሾኩን እዚያው ሱቅ ውስጥ በጉጠት ደፈጠጥኩት፤ ጣት ቢወጋ ሳይቀድ ተስቦ ይወጣል። ዓሣውም ያመልጣል እኮ አባባ አለኝ ግርማይ። ዓሣ ቢያመልጥ ሌላ ዓሣ አለ አልኩት። እሱም ጉጠቱን ተቀብሎኝ መንጠቆውን በወረቀት ጠቀለለልኝ። የሙላቱን ነገር ያውቃል።

ማጥለቂያ ብሎ እርሳስ ሰጥቶኝ ነበር፣ መለስኩለት። ሩት አፏ ውስጥ የማታስገባው ነገር የለም ብለሽኛል፣ እርሳስ ደግሞ መርዝ ነው። በሱ ፈንታ ትንንሽ የብረት ዳዶ ወሰድኩ። ለተንሳፋፊው የበቆሎ ቆረቆንዳ እኔ ዘንድ ሞልቷል፤ ከሩቅ እንዲያዩት ቀይ ቀለም ቀብቼዋለሁ።

ልወጣ ስል ግርማይ ከላይ ብርቱካንማ ሰደርያ አወረደ። ውኃ ላይ የሚያንሳፍፍ ነው፣ ለልጆች ግድ ነው አለኝ። እጄ አልያዝ አለኝ። ያንን ቀለም ቴሌቪዥን ላይ አይቼው ነበር፤ ባሕር ላይ ተበትኖ፣ ሰው ሳይኖርበት። ለልጆቹ ባዶ ጀሪካን ወገባቸው ላይ አስርላቸዋለሁ፣ አባታቸውም በሱ ነው የተማረው ብዬ ወጣሁ።

የቀረኝ ዘንጉ ነበር። ቤት ውስጥ የሙላቱ ሸምበቆ አለ አይደለም ወይ ትይኝ ይሆናል። አለ። በወጣበት ጠዋት ጣራው ሥር እንደሰቀለው ነው። ደንቡን ግን ታውቂያለሽ፤ መንገድ ላይ ያለ ሰው ዕቃ ለሌላ አይሰጥም። የሚሰጠው ተዝካሩ ሲወጣ ነው። እኔም እሱን አልነካም አልኩ። ከሸምበቆው ሥር ያለው መሬት ጠዋት ጠዋት ረጥቦ አገኘዋለሁ። ጣራው አያፈስም፣ ቆርቆሮውን የመታሁት እኔ ነኝ። ከውርጌሳ ወዲህ ካለው ወንዝ ሁለት አዲስ ሸምበቆ ቆርጬ መጣሁ።

ያልተሞከረ ዕቃ ለልጅ አይሰጥምና ግድቡ ዳር ወረድኩ፣ በቀትር። በቀትር ውኃ ዳር አይኬድም፣ የውኃው ባለቤቶች የሚወጡበት ሰዓት ነው ይባላል። እኔ የፈለግሁት ሰው እንዳያየኝ ነው፤ ሽማግሌው በልጅ ዘንግ ይጫወታል እንዳልባል። ትል ሰካሁ፣ ጣልኩ። ነፋስ የለም፣ የወፍ ድምፅ የለም። ትንሽ ቆይቶ ቀዩ ቆረቆንዳ ጠለቀ። ተጎተተ፤ ቀስ ብሎ፣ ደግሞ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ጠንከር ብሎ።

ልጄ፣ ዓሣ እንዲህ አይጎትትም። ዓሣ ነጥቆ ይሸሻል። እንዲህ የሚጎትት ሰው ነው። ሙላቱ ልጅ ሳለ ጠልቆ ከሥር ይመጣና ክሬን በእጁ እየጎተተ ያሞኘኝ ነበር። እናቱ የሺእመቤት ዳር ላይ ልብስ እያጠበች በሳቅ ትፈርሳለች። አንተ ሰውዬ ትልቅ ዓሣ ይዘሃል፣ እንግዲህ ቤት ድረስ ካገባኸው ነው ትለኛለች። እሷም እሱ ከሄደ በኋላ አረፈች፣ ሲደውል ቀስቅሱኝ እያለች። ክሩን ሳብኩት። ትሉ እንደሰካሁት አለ።

ዕቃው ነው ብዬ መንጠቆ ቀየርኩ። ክር ቀየርኩ። ቦታም ቀየርኩ። ሁልጊዜ እንደዚያው ነው፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ጠንከር። አልፈራሁም። እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር ብልሽ ይሻላል፤ ይኸው አለ እኮ እል ነበር ለራሴ። ወደ ቤት ስወጣ ግን አንድ ሐሳብ ይከተለኛል። ሳዑዲ ያለ ሰው እዚህ ግድብ ውስጥ ምን ይሠራል? ደጅ ልተወው እላለሁ፣ በሩን ሳልዘጋው አብሮኝ ይገባል።

አንድ ቀን እዚያው ተቀምጬ ሳለ ጀብሪል መጣ። የረሂማ ልጅ፣ ከኛ ቤት በላይ ያሉት። ከሙላቱ ጋር አብሮ ወጥቶ እሱ ብቻውን የተመለሰው። ከመጣ ወዲህ እኔን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። እኔም አልጠየቅሁት፤ እናቱንም እንኳን መጣልሽ ብያት አላውቅም። አባባ፣ በቀትር ብቻዎን ምን ያደርጋሉ አለኝ። እኔ ዓሣ እጠብቃለሁ፣ አንተስ ከማን ነው የምትሸሸው አልኩት። አጠገቤ ተቀመጠ። ዕቃዎቹን አንድ ባንድ እያነሳ ያይ ጀመር። መንጠቆውን አይቶ፣ ይህ ዓሣውን ይስመዋል እንጂ አይይዘውም ብሎ ቀለደብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ለሩት ብዬ ገመድ ያሰርኩበትን ጀሪካን አነሳ፣ ቀልዱንም ተወው።

ይህ ለማን ነው አለኝ። ለሙላቱ ትንሿ ልጅ አልኩት። ዋና አትችልም? አትችልም አልኩት። እንደኔ ናታ አለ።

ከዚያ በኋላ ወላሂ አባባ፣ ከዚህ በላይ መሸከም አልችልም ብሎ ፊቱን ሸፈነ። መርዶ እንዲህ አይነገርም፣ አንቺም ታውቂያለሽ። ማለዳ ነው፣ ሽማግሌ ተይዞ ነው፣ ሰው ተሰብስቦ ነው። እሱም ይህን ብሎ ነው እስካሁን ዝም ያለው። ሽማግሌዎቹ እኔ እስክጠይቅ ይጠብቃሉ፣ እኔ አልጠይቅም፣ ልጁ በመካከላችን ታንቆ ቀረ።

የነገረኝ ይህ ነው። ሙላቱ የመጠጥ ውኃ የያዘበት ጀሪካን ነበረው፤ ጀልባው ላይ ሲወጡ ባዶ ሆኗል። ጀብሪል ምንም አልያዘም። ማዕበሉ ተነስቶ ሰው ሲጯጯህ ሙላቱ ጀሪካኑን ጀብሪል ወገብ ላይ አሰረለት። አንተስ ሲለው ሳቀ አለኝ። እኔ የግድብ ልጅ ነኝ፣ አባቴ ማን እንደሆነ ታውቃለህ አለው። አብሽር፣ ዳር ላይ እንገናኛለን አለው። ጀልባው ከተገለበጠ በኋላ ሙላቱ አጠገቡ ነበር። ይዋኝ ነበር። እያወራ ነበር የሚዋኘው፤ ስለ ብርቱካኑ፣ ስለ ሩት። ከዚያ ወሬው ቆመ። ጨለማ ነው፣ እጄን ብዘረጋ ውኃ ብቻ ሆነ አለ። አባባ፣ የኛ ግድብ ዳር አለው፣ ያኛው የለውም አለኝ።

 ጀሪካኑን ከእጁ ተቀብዬ ቋጠሮውን ጠበቅ አደረግሁት። አብረን ብዙ ተቀመጥን። ቆረቆንዳው ውኃው ላይ እንደቆመ ዋለ። ያን ቀን ማንም አልጎተተውም።

ቤት ገብቼ ሸምበቆውን አወረድኩ። ከወንዙ ያመጣኋቸው እርጥብ ናቸው፣ ሲደርቁ ይሰነጠቃሉ። የሙላቱ የደረቀ፣ የቀለለ፣ እጅ የለመደ ነው። ለጀማሪ ልጅ ከሱ የተሻለ የለም፤ ይህን ወልድያ ሳልወጣም አውቀው ነበር። መሬት ላይ አስተኝቼ በክንዴ ለካሁት። ወፍራሙ ወገን ለአማኑኤል ይሆናል። ቀጭኑ ጫፍ ለሩት ነው፤ ቀላል ነው፣ ትንሽ ዓሣ ብትነካው እንኳ እጇ ላይ ይሰማታል። ቢላዋውን ሳልኩና ቆረጥኩት። የተቆረጠ ሸምበቆ አይቀጠልም። ለጠየቅሽኝ ነገር መልሴ ይህ ነው፤ ለሁለቱም።

ልጆቹን ይዘሽ ነይ። ዓሣ ከማስያዜ በፊት ዋና አስተምራቸዋለሁ። ዋና ከማስተማሬ በፊት ደግሞ ውኃን መፍራት አስተምራቸዋለሁ። ይህኛውን ትምህርት ለማንም አስተምሬ አላውቅም፣ ስለዚህ ቀስ ብዬ ነው የማስተምረው። አንቺንም ከዚህ በኋላ የት ወጣሽ፣ ከማን ጋር ታየሽ የሚልሽ ሰው አይኖርም። ካለ ወደኔ ላኪው። የትም ብትሄጂ የኔ ልጅ ነሽ።

ፋብሪካው ጉልበትሽን እንጂ ዕድሜሽን አይብላው። ልጆችሽ በቁመት አባታቸውን ይብለጡ፣ በዕድሜ እኔን ይብለጡ። እመ ብርሃን መንገዱን ታቅናልሽ።

የልጆችሽ አያት
ከመርሳ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ስትመጪ እህልም ጌሾም ይዘሽ እንዳትመጪ። ከሰውም እንዳትበደሪ። የዚህ ቤት ዕዳ የኔ ነው፣ የምከፍለውም እኔ ነኝ። ቄሱን ከደጄ የመለስኳቸው እኔ ነኝና ራሴ ሄጄ እጠራቸዋለሁ። የቅሬ ሽማግሌዎቹን ድንኳኑን ይዘው ይመጡ ዘንድ እለምናለሁ፤ ልመና አላውቅበትም፣ እለምደዋለሁ። ግርማይ ዘንድ ተመልሼ ሁለት ሰደርያ አመጣለሁ። ለረሂማ ሰላምታ አለብኝ፤ በሯን አንኳኩቼ ልጅሽ እንኳን መጣልሽ እላታለሁ። ለየሺእመቤት ግን ሽማግሌ አልልክባትም። ማለዳ መቃብሯ ድረስ ሄጄ እኔው ራሴ እነግራታለሁ።