በችሎት ያየሁት ጣሪያ

ሰኔ 12፣ ቅ/ሚካኤል

ከቅዳሴ ተመለስሁ። ጉልበቴ ዛሬም አልታዘዝ ብሏል። ጫማዬን ሳላወልቅ ወ/ሮ ዘነበች ደወለች። የዕድራችን ጸሐፊ ናት፤ ካዛንቺስ ሳለን ግድግዳ ለግድግዳ ነበርን። ዛሬ እርሷ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም፣ እኔ ቡልጋሪያ ሰፈር ኪራይ ቤት። ክሱን አስገባሁት አለች። የት ሄደሽ ብላት፣ የትም፤ ሽሮ እያማሰልሁ በስልኬ።

አልወደድሁትም። ማስታወሻዬ ሆይ፣ ክስ ለእኔ ከፍ/ቤት ደጃፍ፣ ማመልከቻ ጸሐፊ ፊት ተቀምጦ፣ ቃሉን እየመዘኑ የሚያስጽፉት ነገር ነበር። ግን ዘነበች እስከ ፍ/ቤት የምትመላለስበት አቅም የላትም። ይህም እውነት ነው።

ነገሩ የዕድሩ ድንኳን ነው። ሰፈራችን ሲነሣ ንብረት ያዣችን ደምሴ ከቤት ዕቃው ጋር ጭኖ ወሰደው። ስንጠይቀው ነገ፣ ከነገ ወዲያ። ኋላም ስልክ ማንሣት ተወ። ባለፈው ወር ከአባሎቻችን አንዱ ሲያርፍ ለቀስተኛው በላስቲክ ሥር በዝናብ ተመታ። ድንኳን የሌለው ዕድር መበተኑ አይቀርም። እኔ የዕድሩ ዳኛ ነኝ፤ ሽማግሌ እንላክ አልሁ። ዘነበች ሣቀች፦ «መሪጌታ፣ ስንሸመግል እኮ አረጀን! በቃ።»

ያኔውኑ ፈቅጄላት ነበር።

ሰኔ 19፣ ቅ/ገብርኤል

ቀጠሮው በስልኬ መጣ። ችሎቱ በቪዲዮ። ፍ/ቤት ድረስ ሄድሁ። ሬጅስትራሯ ልጅ እግር፣ ትሑት፤ ተነሥታ ወንበር ሰጠችኝ። ሁላችንም በአካል እንቅረብ አልኋት። ተከሳሹ ባለቤቱ ታማበት ጥሏት መውጣት ስላልቻለ በስልክ እንዲቀርብ ተፈቅዶለታል አለች። ሰበብ ነው አልሁ በልቤ። ሰው ዐይን ለዐይን ሲተያይ መዋሸት ይከብደዋል፤ በስልክ ግን ማን ያየዋል? እርስዎ ከፈለጉ እዚሁ መጥተው ከእኛ ስክሪን ፊት ይቀመጡ አለችኝ። ተስማማሁ።

ሰኔ 23፣ ቅ/ጊዮርጊስ

ያየሁትን ሳልረሳ ልጻፈው።

ግድግዳው ላይ ስክሪን። ዳኛዋ በአንድ መስኮት፣ ዘነበች ነጠላዋን አስተካክላ በሌላው፣ ደምሴ በሦስተኛው። ከስቷል። ድምፁ ይቆራረጣል። ስለ ድንኳኑ ተጠየቀ። አይጥ በላው፣ ጣልሁት አለ። ማስረጃ አላችሁ ወይ ተባልን። የለንም። ክሱ ሊወድቅ ነበር።

ዳኛዋ ፊትዎ አይታይም፣ ወደ ብርሃን ይዙሩ አሉት። ዞረ። አላሰበውም። ከኋላው ጣሪያው ታየ። ድንኳናችን! ከቆርቆሮው ሥር በእንጨት ተወጥሯል፤ በገዛ እጄ በቀይ ቀለም የጻፍሁት የዕድሩ ስም ቁልቁል ይታያል። ከሥሩ አልጋ። ሚስቱ አልማዝ ተኝታለች። ከሸራው ጫፍ ውኃ ወደ ሳፋ ይንጠባጠባል።

ዘነበች ጮኸች፦ «ያውና! ያውና ድንኳናችን! አይጥ በላው? አንተ ነህ አይጡ!» ወዲያው አልማዝን አየቻት። ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። ደምሴ ስልኩን ለማዞር ሞከረ፤ ዘገየ።

ዳኛዋ እኔን ጠየቁኝ። የታየው ይመዝገብ? ይመለስ ተብሎ ይታዘዝ? ለእርቅ ቀጠሮ ለመንሁ። እስከ ሐምሌ 2 ተሰጠን።

ሰኔ 24

ጸሎት ጀመርሁ፤ ልቤ ከዚያ ጣሪያ ሥር ነው።

ደምሴ በችሎት ፊት ዋሽቷል። ኃጢአት ነው፤ አላቀልለውም። ድንኳኑም የእኔ አይደለም፤ እንካ ልለው አልችልም። ግን የሚቆረቁረኝ አለ። ቀድሞ ድሀ ፍ/ቤት ሲቀርብ ኮቱን አጥቦ፣ ጓዳውን ከኋላው ዘግቶ ነበር። አሁን ጓዳውም አብሮት ቀረበ። በአካል ይምጣ ባይ እኔ ነበርሁ፤ ቢመጣ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላየን። ወይም ረትተን፣ ሳናውቅ አልማዝን ዝናብ ላይ በጣልናት። መሣሪያውን ላመስግነው ወይስ ልፍራው? አላውቅም።

ይበልጥ የሚያሳፍረኝ፦ የደምሴን የአሁኑን ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በችሎት ነው። ሰፈር ከለቀቅን ወዲህ ማንም የማንንም ደጅ አልረገጠም። ዕድር ነን እንላለን።

ሰኔ 26

ዘነበች ደወለች። ቁጣዋ በርዷል፤ ምላሷ አልበረደም፦ «ኩራቱ ነው የገደለው! አፍ የለውም? ጣሪያዬ አፈሰሰ ቢለን ምን እንለው ነበር?» አባላቱን በስልክ አስማምታለች፦ ከዕድሩ ካዝና ቆርቆሮ ይገዛለት፣ ጣሪያው ሲያልቅ ድንኳኑ ይመለስ። የእርቁን ውልም አዘጋጅታለች። በስልክ ልላክለት፣ ይፈርም፤ ፍ/ቤቱም በዚያው ይቀበለናል፤ እርስዎ ጉልበትዎን ያሳርፉ አለች።

መልካም ውል ነው። ግን አትላኪው አልኋት።

«እና በምን ይድረሰው መሪጌታ፣ በመልአክ?»

በዚሁ ጉልበቴ አልኋት።

ቆርጫለሁ። ነገ መድኃኔዓለም ነው፤ ከቅዳሴ መልስ በክሱ ላይ ወዳለው አድራሻው ከለገሃር ታክሲ እይዛለሁ። ውሉ በኪሴ ይሆናል፤ አስቀድሜ አላወጣውም። በሩን አንኳኩቼ፣ አልማዝን እንዴት ነሽ ብዬ፣ ከዚያ ሸራ ሥር እቀመጣለሁ። ዝናቡ ካባራ ወደ ደምሴ እሄዳለሁ።

ባያባራም።